የረሃብ መልእክት በደም ወደ አንጎል ስለ መድረሱ

ከላሊበላ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ በሰፊ ዋሻ ውስጥ የተሠወረው፣ ንጉሥም ካህንም የነበረው የዛጔው ይምርሐነ ክርስቶስ ድንጋይና እንጨት እያነባበረ ያሳነጸው ቤተ ክርስቲያን፣ በዐቢይ ጾም ካህናቱ እህል ውሃ ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩበት ደብር ነው። በዚያ የሚጾም ሰው ከገዛ ሰውነቱ የሚማረው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ረሃብ ከንጋት ጀምሮ ያለ ማቋረጥ የሚጸና ሕማም ሳይሆን፣ በለመደው የምሳ ሰዓት ተነሥቶ ሆድን ከሞረሞረ በኋላ፣ ምንም ሳይቀመስ ጋብ የሚል መሆኑ ነው።

የዚህን ምክንያት ሊቃውንት በደም ውስጥ አግኝተውታል። ጃፓናውያኑ ማሳያሱ ኮጂማና ኬንጂ ካንጋዋ እ.ኤ.አ. በ1999 ያስታወቁት ግሬሊን የተባለው ሆርሞን በአብዛኛው ከጨጓራ የሚመነጭ፣ ከ28 አሚኖ አሲዶች የተያያዘና አንዲት የስብ አሲድ የታከለችበት ነው፤ ያች ካልታከለችበት የአንጎል ሕዋስ አይቀበለውም። ከተለመደው የማዕድ ሰዓት አስቀድሞ በደም ይበዛል፣ ከመብል በኋላ ይቀንሳል፤ እጅግ የሚያስደንቀው ግን ሰዓቱ ካለፈ ባይበላም እንኳ መልሶ መውረዱ ነው።

አንጎል ግን ደም ያመጣውን ሁሉ አያስገባም፤ በውስጡ የሚያልፉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ሕዋሶቻቸው እርስ በርስ ተጣብቀው ጽኑ ቅጥር ሆነው ይጠብቁታልና። ሆኖም በአንጎል ታችኛው ክፍል፣ ሃይፖታላመስ በሚባለው ግርጌ፣ የደም ሥሮቹ እጅግ ረቂቅ ቀዳዳዎች አሏቸው፤ የይምርሐነ ክርስቶስ ግድግዳ ጸንቶ እንደ ቆመ በሐረግና በመስቀል ቅርጽ በተፈለፈሉት መስኮቶቹ ብርሃን እንደሚያስገባ፣ ይህም ስፍራ ቅጥሩ ሳይፈርስ የደምን ወሬ ይቀበላል። በአቅራቢያው ሁለት ወገን የሆኑ ሕዋሳት አሉ፤ አንደኛው ብላ እያለ ይገፋፋል፣ ሁለተኛው ይበቃሃል እያለ ይገታል። ግሬሊን የመጀመሪያውን ያነሣሣል፤ ጾመኛውም የሚታገለው ይህን ቅስቀሳ ነው።

ደብሩ የሚገኝባት ላስታ ግን ከጾም ሌላ፣ በ1977 ዓ.ም. ወሎን ያደቀቀውን ዓይነት ረሃብ ታውቃለች፤ ለዚህም ደም የሚያመጣው መልእክት ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ በኒው ዮርክ ያገኙት ሌፕቲን ከሰውነት ስብ እየመነጨ፣ የተከማቸው ስንቅ ምን ያህል እንደሆነ ለአንጎል ያስታውቃል፤ ገፋፊዎቹን ሕዋሳት ያስታግሣል፣ ገቺዎቹንም ያበረታል። ግሬሊን የዕለቱን ማዕድ ሲቆጥር ሌፕቲን ጎተራውን ይቆጥራል ማለት ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ማዕድ የሚቀርብለት ጾመኛ ጎተራው አልጎደለም፤ የተራበው ሰው ግን ስቡ ሲያልቅ ሌፕቲኑ እጅግ ይወርድና፣ አንጎሉ የሰውነትን ወጪ ይቀንሳል፣ የሴቲቱንም የወር አበባ ያቋርጣል። ይህም የስንቁ ማለቅ ብቻ ሳይሆን የመልእክቱ መጉደል ሥራ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1996 በተራቡ አይጦች ታይቷል፤ እህል ሳይጨመርላቸው ሌፕቲን ብቻ ቢሰጣቸው፣ ረሃቡ ያዘገየው የእንቁላል መውጣት ወደ ጊዜው ቀረበ።