ሰፊ ሳንቃን በመኪና ስለ ማስተካከልና ስለ ማለስለስ

ሰፊ ሳንቃ የሚወጣበት ትልቅ ዛፍ በብዙ ዓመት ያድጋል፤ ተቆርጦ የሚወድቀው ግን በአንድ ቀን ነው። የተከለው ሰው ብዙ ጊዜ ጥቅሙን ሳያይ ያልፋል፤ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ይጠቀሙበታል። ስለዚህ እንዲህ ካለው ዛፍ የወጣውን ሳንቃ ባለማወቅ ማበላሸት፥ ከአባት የተቀበሉትን ርስት በከንቱ እንደ ማጥፋት ይቈጠራል። ይህን ጽሑፍ ማቅረባችንም የእጅ ሥራ የሚያስተምሩ መምህራንና መንደሩን የሚመክሩ ሽማግሌዎች ነገሩን ከነምክንያቱ ተረድተው ለወጣቶች እንዲያስረዱ ነው።

በአገራችን ዋንዛ፥ ዝግባና ጥድ ለበር፥ ለጠረጴዛና ለሣጥን ሲያገለግሉ ኖረዋል። የቀድሞ ሠራተኞች ሰፊውን ሳንቃ በመጥረቢያ ጠርበው በእጅ መላጊያ ያስተካክሉት ነበር። ዛሬ በከተማ ባሉት የእንጨት ሥራ ቤቶች ይህን የሚሠራ የመላጊያ መኪና ይገኛል፤ ነገር ግን ሳንቃው በመኪናው አፍ ውስጥ ማለፍ ስላለበት፥ ከአፉ የሰፋውን ሊቀበል አይችልም። 1 ሜትር የሚሰፋ ሳንቃ ሲገጥም ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። ዘዴውም፥ እንጨቱ ወደ መኪናው መግባት ሲያቅተው በእጅ የሚያዝ ትንሽ መኪና በሐዲድ እየተመራ በእንጨቱ ላይ እንዲሄድ ማድረግ ነው።

፩ኛ፤ ስለ እንጨት ጠባይ።

እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ መኮማተሩ ግን በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በርዝመቱ የሚቀንሰው እጅግ ጥቂት ነው። ከእንብርቱ ወደ ቅርፊቱ ባለው አቅጣጫ የሚቀንሰው ከዚህ ይበልጣል፤ የዕድገቱን ቀለበት ተከትሎ በዙሪያው የሚቀንሰው ደግሞ የዚህኛው ሁለት እጥፍ ያህል ይሆናል። በዚህ ምክንያት ሳንቃው ሲደርቅ በቅርፊት በኩል ያለው ፊቱ ይጎደጉዳል፥ በእንብርት በኩል ያለው ፊቱ ያብጣል። የእንጨቱ ጅማት ጠመዝማዛ የሆነ እንደ ሆነም ሳንቃው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ይጣመማል።

እንግዲህ ያልደረቀ ሳንቃ ዛሬ ቢስተካከል ነገ ተመልሶ ይጠማል። ሳንቃዎቹ በጥላና ነፋስ በሚያገኝ ቦታ፥ በመካከላቸው እኩል ውፍረት ያላቸው በትሮች እየገቡ ይደርደሩ፤ ጫፎቻቸውም ቶሎ ደርቀው እንዳይሰነጠቁ ሰም ወይም ቀለም ይቀቡ። በልማድ የሚነገረው ልክ ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት 1 ዓመት ያህል ነው፤ ይህም እንደ እንጨቱ ዓይነትና እንደ አገሩ አየር ይለያያል። የተሻለው ፈተና ሚዛን ነው፤ ሳንቃው በየወሩ ሲመዘን ክብደቱ መቀነሱን ካቆመ፥ ከአገሩ አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው።

፪ኛ፤ መኪና መሪ የሚያስፈልገው ስለ ምንድን ነው?

ለዚህ ሥራ የሚሆነው መኪና ፍሬዛ ወይም ራውተር የሚባለው ነው። ከሥሩ ያለው ስለት በደቂቃ ከ10,000 ጊዜ በላይ እየዞረ እንጨቱን ይፍቃል። ይህ መኪና ኃይል አለው፤ ቀናውን ከጠማማው ግን አይለይም። በእጅ ብቻ ተይዞ በጠማማ ሳንቃ ላይ ቢነዳ፥ በእብጠቱ ላይ ይወጣል፥ በጎድጓዳው ይወርዳል፤ ጠማማውም ጠማማ እንደ ሆነ ይቀራል።

ይህን ነገር አስቀድመው በሚገባ የተረዱት የብረት ሠራተኞች ናቸው። ሄንሪ ሞድስሌይ የሚባለው እንግሊዛዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1800 ገደማ በሠራው የብረት መቅረጫ መኪና፥ ስለቱ በሠራተኛው እጅ መያዙ ቀርቶ በቀጥተኛ ሐዲድ ላይ በሚንሸራተት መያዣ ታሰረ። ከዚያ ወዲያ የሥራው ትክክለኛነት የሚወሰነው በሐዲዱ ትክክለኛነት ሆነ። በእንጨትም ሕጉ ያው ነው፤ መኪናው የመሪውን መልክ በእንጨቱ ላይ ይገለብጣል። መሪው ከቀና ሥራው ይቀናል፤ መሪው ከጠመመ ሥራው ይጠማል።

፫ኛ፤ ቀጥ ያለ ሐዲድ ስለ ማግኘት።

እንግዲያስ የመጀመሪያው ሥራ ሳንቃውን መንካት ሳይሆን፥ በሳንቃው ግራና ቀኝ የሚቆሙትን ሁለት ሐዲዶች ማቅናት ነው። ነገር ግን በእጃችን ምንም የቀና ነገር ከሌለ ቀናውን በምን እንለካዋለን? ለዚህ ጥያቄ በሞድስሌይ ዘንድ የሠራው ጆሴፍ ዊትወርዝ በ1840 በግላስጎው ለተሰበሰቡ ሊቃውንት ባስረዳው የሦስትዮሽ ማነጻጸር መልስ ይገኛል። እርሱ የተናገረው ስለ ብረት ገበታ ነው፤ ለእንጨት ጠርዝም ይሠራል።

ሁለት ጠርዞች ተገናኝተው ብርሃን ባያሳልፉ ቀጥ ያሉ ናቸው ማለት አይደለም፤ አንዱ ያበጠ፥ ሌላው በዚያው ልክ የጎደጎደ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ሦስት ጣውላዎች ይዘጋጁ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ከመጀመሪያው ጋር እስኪገጥሙ ድረስ ይላጉ፤ ቀጥሎ ሁለተኛው ከሦስተኛው ጋር ይገናኝ። የመጀመሪያው ያበጠ ከሆነ ሁለቱም ጎድጉደዋልና በመካከላቸው ብርሃን ይታያል፤ ክፍተቱም የእያንዳንዱ ስሕተት እጥፍ ስለሚሆን ለዓይን ይጎላል። ሦስቱም እርስ በርሳቸው ሲገጥሙ ሦስቱም ቀጥ ብለዋል። ይህን ማንኛውም ትምህርት ቤት ያለ ወጪ ሊያሳየው ይችላል።

ሁለቱ ሐዲዶች ለየብቻቸው መቅናታቸው አይበቃም፤ በአንድ ገጽ ላይ መዋል አለባቸው። ይህም በክር ይታወቃል። ከአንዱ ሐዲድ ጫፍ ወደ ሌላው ሐዲድ ተቃራኒ ጫፍ ሁለት ክሮች በመስቀል ይወጠሩ። በመካከል ሳይጋፉ ከተነካኩ፥ የላይኛው ወደ ታች፥ የታችኛው ወደ ላይ ተለውጦም እንደዚያው ከሆነ፥ አራቱ ጫፎች በአንድ ገጽ ላይ ናቸው።

በሐዲዶቹ ላይ የሚንሸራተተውና መኪናውን የሚሸከመው ሣጥን ሳይጎብጥ የሚጸና ይሁን። መካከሉ 2 ሚሊ ሜትር ቢረግብ ሳንቃውም በዚያው ልክ ይጎደጉዳል። ስለዚህ የሣጥኑ ጎኖች ጣውላቸው በጠርዙ የቆመ ይሁን፤ የጣውላ ጽናት በቁመቱ ኩብ ልክ ስለሚያድግ፥ ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ጽናቱ 8 እጥፍ ይሆናልና። ተማሪ ማስመሪያውን አንድ ጊዜ አጋድሞ፥ አንድ ጊዜ አቁሞ በመጫን ይህን በእጁ ያውቀዋል።

፬ኛ፤ ስለ አሠራሩ።

ሳንቃው በሐዲዶቹ መካከል ሲቀመጥ በስንት ነጥብ እንደሚያርፍ ይመርመር። የሚወዛወዝበት ማዕዘን ሥር ሽብልቅ ይግባ፤ በግድ ተጭኖ እንዲቀና ግን አይደረግ። ተጭኖ የቀና ሳንቃ ሲለቀቅ ወደ ቀድሞው ጥመቱ ይመለሳል፥ ድካሙም ከንቱ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ስለቱ ከሁሉ ከፍ ያለውን ቦታ በጥቂቱ እንዲነካ ይደረግ። በአንድ ዙር የሚወሰደው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ በጥድፊያ ብዙ ለመውሰድ መሞከር እንጨቱን ይቦጭቃል፥ መኪናውንም ያስጨንቃል። ስለቱ ሰፊ የሆነ እንደ ሆነ ፍጥነቱ ይቀነስ፤ ጠርዙ በአንድ ዙር ረጅም መንገድ ይሄዳልና። መኪናው የሚገፋበት አቅጣጫ ከስለቱ አዟዟር ጋር የሚጋጭ ይሁን፤ ከአዟዟሩ ጋር ቢነዳ መኪናው ከእጅ ሊያመልጥ ይችላል። እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን በጥቂቱ ይደርብበት።

አንዱ ፊት ከተስተካከለ በኋላ ሳንቃው ተገልብጦ ሌላው ይሠራል። በተቻለ መጠን ከሁለቱም ፊት እኩል ይወሰድ፤ የሳንቃው ውስጥ ከላዩ ይልቅ እርጥበት ስለሚይዝ፥ ከአንድ ወገን ብቻ ቢወሰድ ሚዛኑ ይናጋል። ደግሞም 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ትቶ ጥቂት ቀናት አሳርፎ የመጨረሻውን ዙር መመለስ መልካም ነው።

የመብራት ኃይል በሌለበት መንደርም ዘዴው አይቀርም። በሣጥኑ ፋንታ ቀጥ ያለ ጣውላ በሐዲዶቹ ላይ አጋድሞ፥ ከእርሱ ወደ ታች እየለኩ ከፍ ያለውን ምልክት በማድረግ በእጅ መላጊያ መፋቅ ይቻላል። የሚለወጠው ኃይሉ ነው፤ መሪው ያው ነው።

፭ኛ፤ ስለ ማለስለስና ስለ ዘይት።

ስለቱ የተወውን መስመር በእጅ መላጊያ ማንሣት፥ ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት በቁጥር 80፥ በ120ና በ180 ተራ በተራ፥ በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ ማሸት ይገባል። በመጨረሻ የተልባ ዘይት ወይም ቫርኒሽ ይቀባል። የሚቀባውም ከላይም ከታችም ነው፤ አንዱ ፊት ብቻ ቢቀባ ያልተቀባው ፊት እርጥበትን ፈጥኖ እየሳበና እየለቀቀ ሳንቃውን እንደ ገና ያጣምመዋል።

፮ኛ፤ ስለ ጥንቃቄ።

የሚዞር ስለት ለሣንቃና ለጣት አያዳላም። ስለት ከመለወጡ በፊት የመኪናው ሽቦ ከመብራቱ ይነቀል፤ ልቅ ልብስ አይለበስ፤ ዓይን በመነጽር፥ ጆሮም በመድፈኛ ይጠበቅ። የእንጨት ትቢያ በሰው ላይ ካንሰር የሚያመጣ መሆኑን ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1995 አስታውቋልና፥ አፍና አፍንጫ ይሸፈን፥ ሥራውም ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ ይሁን። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨማዶ ቢጣል ራሱን በራሱ አሙቆ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፥ ተዘርግቶ ይድረቅ ወይም በውኃ ተነክሮ ይጣል።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፥ ተማሪው መኪናውን ከመንካቱ በፊት ሦስቱን ጣውላዎች እንዲያቀና ይደረግ። ሽማግሌዎችም የትኛው እንጨት እንደሚጸና፥ የትኛው እንደሚጣመም ከልምዳቸው ይንገሩት። መኪና በገንዘብ ይገዛል፤ ቀናውን ለይቶ የማወቅ ልማድ ግን በትምህርትና በትዕግሥት ብቻ ይገኛል። ይህ ልማድ ያለው ወጣት አያቶቹ የተከሉትን ዛፍ ለልጆቹ ጠረጴዛ አድርጎ ያቆየዋል።