ቅጠል የመሰለው ዕጢ

ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ዘነበወርቅ ሲባል ለብዙ አዲስ አበቤ ቀድሞ የሚታወሰው አለርት ሆስፒታል ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው ማዕከል ዛሬ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሆኗል። ሰፈሩ በነዚያ ዓመታት አንድ ነገር አይቷል፤ በኀፍረት የተደበቀ ሕመም ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ጉዳት ካደረሰ በኋላ ነው። ዛሬም በየቤቱ በነጠላ ተሸፍኖ የሚቆይ ሌላ ሕመም አለ፤ የጡት እብጠት።

እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም። በወጣት ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ፋይብሮአዴኖማ የሚባለው ነው፤ ሲነኩት ይንሸራተታል፣ ለሕይወትም አያሰጋም። ችግሩ ይህንኑ የሚመስል፣ ጠባዩ ግን የተለየ ዕጢ መኖሩ ነው። ስሙ ፋይሎድስ ይባላል።

ስሙን ያወጣለት ጀርመናዊው ሐኪም ዮሐንስ ሙለር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1838። ቃሉ በግሪክኛ ቅጠልን ያመለክታል፤ ዕጢው ሲሰነጠቅ ውስጡ እንደ ጥቅል ጎመን የተደራረበ ሆኖ ይታያልና። ከ100 የጡት ዕጢዎች አንዱን እንኳ አይሞላም። በብዛት የሚይዘው በ40ዎቹ ዕድሜ ያሉትን ሲሆን በጥቂት ወራት ውስጥ ሊገዝፍ፣ ቆዳውን ወጥሮ ሊያብለጨልጭ ይችላል። ብዙ ጊዜ ስለማያም “ይተወኛል” ተብሎ ይታለፋል።

ሐኪሞች ፋይሎድስን በሦስት ይከፍሉታል፦ ገር፣ መካከለኛና አደገኛ። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ እዚያው ጡት ላይ የሚመለሰው ገሩ ከ100 በ8፣ መካከለኛው በ13፣ አደገኛው በ18 ሴቶች ገደማ ነው። አብዛኛው የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ሲሆን፣ አንዳንዴም ከቀድሞው ከፍቶ ይመጣል።

ወደ ሌላ አካል የሚሠራጨው በዋናነት አደገኛው ነው። የተለመደው የጡት ካንሰር ብዙ ጊዜ በቅድሚያ ብብት ሥር ያሉ ንፍፊቶችን ይይዛል፤ ፋይሎድስ ግን በደም ሥር አድርጎ ሳንባና አጥንት ይደርሳል። ስለዚህ “ብብቷ ነፃ ነው” ተብሎ እፎይ አይባልም። ኬሞቴራፒም እምብዛም ስለማይበግረው ዋናው መድኃኒት ቢላዋ ነው፤ ዕጢውን ዙሪያውን ካለው ጤናማ ሥጋ ጋር፣ ለመካከለኛውና ለአደገኛው ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ጨምሮ ማውጣት።

በቂ ሥጋ መውጣቱ የሚታወቀው ፓቶሎጂ ክፍል ነው። የወጣው ሥጋ ፎርማሊን በያዘ ዕቃ ገብቶ ስምና የካርድ ቁጥር ይለጠፍበታል። ላቦራቶሪ ሲደርስ ጠርዙ ቀለም ይቀባል፣ ሰም ውስጥ ይቀበራል፣ ከፀጉር ቀጥኖም ይቆረጣል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ዕጢው ቀለሙን ከነካ ሰውነት ውስጥ የቀረ ሊኖር ይችላል ማለት ነው። “እብጠት ናት፣ ወጣች” ተብሎ ናሙናው ከተጣለ ግን ይህን የሚነግር የለም። ቀጭን መርፌ አስገብቶ የሚወሰደው ናሙናም ፋይሎድስን ከፋይብሮአዴኖማ ሁልጊዜ አይለይም።

ጨረር የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ደግሞ ከዘነበወርቅ በጦር ኃይሎች፣ በሜክሲኮ አድርገው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይሄዳሉ። ሆስፒታሉ ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 በኢትዮጵያ በጡት ካንሰር በአዲስ የተያዙት ከ16 ሺሕ በላይ እንደሆኑ ተገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የጡት ካንሰር የተጠረጠረባት ሴት ጤና ተቋም ከቀረበችበት ቀን አንሥቶ ምርመራዋ በ60 ቀን እንዲያልቅ ይመክራል። በወራት የሚገዝፍ ዕጢ ያለባት ሴት ከዚያ በላይ ልትጠብቅ አይገባም።

ከጡትሽ እብጠት ወጥቶልሽ የፓቶሎጂ ውጤቱን ካላየሽ፣ ካርድሽን ይዘሽ ተመለሺና ጠይቂ። ውጤቱን በእጅሽ አስቀምጪ፤ ሐኪሙ የቀጠረሽንም ቀን፣ ምንም ባያምሽ፣ አትቅሪ።