ባናውን ወደን ሠሪውን መናቅ



በጃማ ወረዳ በደጎሎና በአካባቢው ደጋ፣ እንግዳ ሲመጣ መደቡ ላይ ባና ይነጠፍለታል፤ ሌሊት ሲበርድም ያው ባና ይደረብለታል። ይህን የበግ ሱፍ የሸመነው ሰው ግን ለልጁ ሚስት ሊጠይቅ ሽማግሌ ሲልክ፣ «የሸማኔ ዘር ነው» ተብሎ የሚመለስበት ጊዜ አለ።

እስቲ ሥራውን እንመልከተው። የደጋው በግ ጠጉሩ ረጅምና ሻካራ ነው። ተሸልቶ ይታጠባል፤ በደጋን ይነደፋል። መፍተሉ የሴቶች ድርሻ ነው። ለአንድ ባና የሚበቃ ፈትል እስኪሞላ ስንት ምሽት እንደሚያልፍ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው (ዋጋ ሲቆረጥ ግን ማን ያስበዋል?)። ሸማኔው ድሩን ወጥሮ ማጉን በመወርወሪያ ያስገባል። ጨርቁ ጠባብ ሆኖ ስለሚወጣ ጎን ለጎን ይሰፋል። በመጨረሻ በውኃ ተነክሮ በእግር ይረገጣል፤ ሱፍ ርሶ ሲታሽ እርስ በርሱ ስለሚያያዝ ጨርቁ ይጠብቃል፣ ነፋስም አያስገባም። ቀለም መንከር አያስፈልግም፤ ጥቁሩ ከጥቁር በግ፣ ነጩ ከነጭ በግ የተገኘ ነው።

ታዲያ ንቀቱ ከየት መጣ? በብዙ የሰሜን ደጋ አካባቢዎች ሙስሊሙ ርስት ተከልክሎ ስለኖረ ንግድና ሽመና መተዳደሪያው ሆኑ። መሬት የክብር መለኪያ በነበረበት ዘመን፣ መሬት የሌለው ሰው ሙያ አብሮት ተናቀ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሸማኔን «ቁጢት በጣሽ» ብሎ መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። በ1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን አስቀረ፤ ስድቡ ግን አልቀረም። እኔን የሚገርመኝ ሙስሊም ሙስሊሙን በዚህ ማሳነሱ ነው። ሱረቱ ነሕል በ80ኛው አንቀጽ ሱፍን ከአላህ ጸጋዎች ጋር ይቆጥረዋል፤ ነቢዩ ዳውድም (ዐ.ሰ) ከእጃቸው ሥራ ይመገቡ እንደነበር በሐዲስ ተነግሯል። ይህን ቂርኣት ቤት ቁጭ ብለን የተማርን ሰዎች ነን እንግዲህ ሽማግሌ የምንመልሰው።

ሸማኔው የሚያጣው ክብር ብቻ ሳይሆን ገበያም ነው። የፋብሪካው ብርድ ልብስና ስጋጃ በርካሽ ይሸጣል፤ አንዳንዱም «ሱፍ ነው» እየተባለ። ከተጠራጠራችሁ ከዳሩ አንድ ክር መዝዛችሁ በክብሪት ለኩሱት። ሱፍ ከሆነ እንደተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ይደቅቃል። ሰው ሠራሹ ግን ይቀልጥና እንደ ጠጠር ይደርቃል።