የጠላት ታሪክ አጻጻፍ፤ ታሲተስና አባ ባሕርይ

የጥንት የሮማ ታሪክ ጸሐፊዎች የባዕድን ሕዝብ ጠባይ ሲገልጡ ሁለት ነገር አጣምረው ይሠሩ ነበር። ይኸውም ባዕዱን አረመኔ ማለትና በዚያው በባዕዱ አስመስሎ የራስን ወገን መገሠጽ ነው። ታሲተስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ98 ዓ.ም. ስለ ጀርመኖች በጻፈው መጽሐፍ ስንፍናቸውንና ስካራቸውን ይነቅፋል፤ የጋብቻቸውን ንጽሕና ግን የሮማን ብልሹ ምግባር በሚያሳፍር አኳኋን ያመሰግናል።

በኢትዮጵያ ለዚህ የሚቀርበው ምሳሌ የጋሞው ካህን አባ ባሕርይ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1593 ዓ.ም.፥ በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን፥ ስለ ኦሮሞ ሕዝብ በግዕዝ የጻፈው ዜና ነው። የመጽሐፉ ርእስ ሕዝቡ ራሱን የማይጠራበትንና ዛሬ ስድብ የሆነውን ስም ስለ ያዘ፥ እዚህ «ዜና» ተብሎ ይጠራል።

ባሕርይ አገሩ ጋሞ የተዘረፈበት ሰው ነበር። ስለዚህ በመቅድሙ የሕዝቡን ጠባይ ከአውሬ ጠባይ ጋር ያስተካክላል። የጠላትን ታሪክ ስለ ምን ጻፈ ለሚለው ነቃፊም፥ የእስላም ነገሥታት ታሪክ በሃይማኖት ጠላቶች ሳሉ ተጽፏል ሲል ይመልሳል። ነገር ግን ከመቅድሙ በኋላ ስድቡ ቀንሶ ቈጠራው ይበዛል። የቦረናንና የበሬንቱን ክፍል፥ የየነገዱን ትውልድ፥ በየ8 ዓመቱ ሥልጣን የሚረከበውን ሉባ በየስሙ፥ እያንዳንዱም የዘመተበትን አገር ያስረዳል። ስለ ገዳ ሥርዐት ከተጻፉት ምስክሮች ይህ እጅግ ቀደምቱ ነው።

ከዚያም ባሕርይ የኦሮሞ ድል ከወዴት እንደ መጣ ይጠይቃል። ሊቃውንት የእግዚአብሔር ቍጣ ነው ይሉ እንደ ነበር ከጠቀሰ በኋላ፥ የራሱን ወገን በ10 ክፍል ከፍሎ ይመረምራል። መነኵሴው፥ ደብተራው፥ ሽማግሌው፥ ገበሬው፥ ነጋዴው፥ እጀ ጥበበኛው፥ አዝማሪውም ሳይቀር 9ኙ አይዋጉም፤ የሚዋጋው አንዱ ክፍል ብቻ ነው። በኦሮሞ ዘንድ ግን ታላቁም ታናሹም ተዋጊ ነው ይላል። በዚህ ስፍራ ጠላት ለራስ መንግሥት መመርመሪያ ሆነ።

ሁለቱ ጸሐፊዎች ግን በአንድ ነገር ይለያያሉ። ታሲተስ የጻፈው ከበረታው መንግሥት ውስጥ ሆኖ በዳር ስላሉ ሕዝቦች ነው፤ ባሕርይ የጻፈው ከተጠቃው ወገን ሆኖ፥ በኋላ ከወገኑ ጋር በአንድ አገር ስለሚኖር ሕዝብ ነው። ለምሳሌ በአዲስ አበባ ደቡብ ያለው አቃቂ ቃሊቲ የቱለማ ኦሮሞ ምድር ነው፤ አጎራባቹ ገላን ከቱለማ ጎሣዎች የአንዱን ስም ይዟል። ወደ ዱከም አቅጣጫ የሚገኘው ኦዳ ነቤም የታወቀ የገዳ ሸንጎ ቦታ ነው። ገዳ በ2016 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ስለዚህ የአቃቂ ተማሪ ዜናውን ሲያነብ ስለ አያቶቹ የተነገረ ስድብና ስለ አያቶቹ ሥርዐት የተሰጠ ምስክርነት በአንድ ገጽ ያገኛል። መጽሐፉን ስለ ስድቡ መጣል ምስክሩን ማጥፋት ነው፤ ስድቡን እንደ ምስክር መቀበል ደግሞ የተዘረፈ ሰው ሐዘን የፈረደውን ፍርድ የታሪክ እውነት ማድረግ ነው። መምህር በአንባቢው ፊት ሊለይ የሚገባው ይህንኑ ነው፤ ባሕርይ ሲቈጥር ስለ ኦሮሞ፥ ሲሳደብ ስለ ራሱ ሐዘን፥ 10ሩን ክፍል ሲመረምር ስለ ክርስቲያኑ መንግሥት ይናገራል።