ቃሏ በቂ ነው የሚለው አንቀጽ

የውርጃ ነገር በተነሳ ቁጥር ክርክሩ «ይፈቀድ» ወይስ «ይከልከል» ላይ ይወድቃል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችን ግን ሁለቱንም አላለም። ውርጃን ወንጀል ያደርግና አንቀጽ 551 ላይ ሲደርስ የተወሰኑ በሮችን ይከፍታል፦ መደፈር፣ ከሥጋ ዘመድ ማርገዝ፣ ለጤናና ለሕይወት የሚያሰጋ እርግዝና፣ የማይድን የጽንስ ጉድለት፣ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት አለዚያም ለአካለ መጠን ባለመድረስ ልጅ ለማሳደግ አለመብቃት። ይህን ያህሉን ብዙ ሰው ያውቀዋል።

ሕጉን በተግባር ሕግ ያደረገው ግን ተከታዩ አንቀጽ 552 ይመስለኛል። ተደፍሬ ነው ያረገዝኩት ያለች ሴት ቃሏ ብቻ በቂ ነው ይላል። የፖሊስ ወረቀት የለ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ የለ። የ1998ቱ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር መመሪያም ዕድሜዋን በቃሏ ይቀበላል፤ የነገረችው ኋላ ሐሰት ቢሆን እንኳ ባለሙያው አይከሰስም።

«ታዲያ ይዋሻላ!» የሚሉ አሉ። ይዋሽ ይሆናል። ነገር ግን አረብ አገር አሠሪዋ ደፍሯት፣ አርግዛ የተመለሰችውን ልጅ አስቡ። ተከሳሹ ባሕር ማዶ፣ ምስክር የለ፣ ሆዷ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም። ማስረጃ ይቅረብ ቢባል መጀመሪያ የምትመለሰው እሷ ናት፤ ዋሾዋማ መላ አታጣም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ድህነት በሕጉ ቅጣት ያቀልላል እንጂ በር አይከፍትም። ስለዚህ ሁለት ልጆቿን ማብላት ያቃታት፣ ማንም ያልደፈራት ሴት ጤና ጣቢያ ሄዳ እውነቷን ብትናገር ትመለሳለች። ምን ማለት እንዳለባት ከጓደኛ የሰማችው ደግሞ ትስተናገዳለች። ርኅራኄው በተግባር የሚደርሰው ወሬ ለደረሳት ነው፤ ወሬው ደግሞ ከገጠር ይልቅ ከተማ፣ ካልተማረችው ይልቅ የተማረችው ዘንድ ቶሎ ይደርሳል። ሹማምንቱ ስለ ሕጉ ጮክ ብለው አለማውራታቸው ከተቃውሞ ሳያድነው አልቀረም። ዋጋውን የከፈለችው ግን ያልሰማችው ናት።

ለውጡን መካድ አይቻልም። አገር አቀፍ ጥናቶች እንደገመቱት፣ በጤና ተቋም በሕጋዊ መንገድ የሚፈጸመው ውርጃ እ.ኤ.አ. በ2008 ከጠቅላላው 27 በመቶ ነበር፤ በ2014 ወደ 53 በመቶ ደርሷል። የቀሩት በየጓዳው ነው ያለፉት። እውነቷን ተናግራ የተመለሰችው ሴትም ከእነሱ አንዷ ልትሆን ትችላለች። ደሟ እየፈሰሰ ስትመጣ ያው ጤና ጣቢያ ያክማታል፤ ያን ጊዜ ለምን እንዳረገዘች የሚጠይቃት የለም።