የደም ግፊትን ቤት መለካት፦ አንዱን ቁጥር ሳይሆን ሳምንቱን እንመን

ክንድ ላይ የሚታሰረው የግፊት መለኪያ ሲሠራ አይታችሁ ከሆነ አንድ ነገር ሳያስገርማችሁ አልቀረም። ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫ የለውም፣ አጠገቡ የምታዳምጥ ነርስም የለችም፤ ሆኖም አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሁለት ቁጥር ያወጣል። ከየት አመጣቸው? ይህን ማወቅ በጣም ይጠቅማል። ማሽኑ እንዴት እንደሚለካ የገባው ሰው፣ «ዝም በል፣ ተደገፍ፣ ክንድህን ጠረጴዛ ላይ አድርግ» የሚባለው ለምን እንደሆነ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

በማዳመጫ የሚለካበትን ዘዴ ያስተዋወቀው ሩሲያዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኒኮላይ ኮሮትኮቭ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1905። የክንድ ማሰሪያው በአየር ሲነፋ የደም ቧንቧው ይዘጋል። አየሩ ቀስ እያለ ሲለቀቅ ደሙ ሰብሮ ማለፍ ይጀምራል፤ መጀመሪያ የሚሰማው ምት የላይኛውን ግፊት፣ ድምፁ የሚጠፋበት ቦታ ደግሞ የታችኛውን ያሳያል። የላይኛው ልብ ስትኮማተር፣ የታችኛው ልብ ዘና ስትል በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ነው።

የቤት ማሽናችን ግን የሚከታተለው ንዝረትን ነው። ቁልፉን ስትጫኑ ፓምፑ ይነሳል፤ መስኮቱ ላይ ቁጥሩ 100፣ 140፣ 170 እያለ ይወጣል፣ ክንድም ጭምቅ ይላል። ከዚያ አየሩ መውጣት ይጀምራል። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ የልብ ምት ቧንቧውን ይገፋል፤ ቧንቧውም ማሰሪያው ውስጥ ያለውን አየር በጥቂቱ ያርገበግበዋል። ንዝረቱ ከትንሽ ተነስቶ እየጎላ ይሄዳል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ እየከሰመ ይጠፋል። ንዝረቱ ጫፍ የደረሰበት ነጥብ ከአማካዩ የደም ግፊት ጋር ይገጥማል። ማሽኑ ከዚህ ተነስቶ፣ አምራቹ በውስጡ ባስቀመጠው ስሌት፣ የላይኛውንና የታችኛውን ያወጣል። አንዳንዶቹ ማሽኖች ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ገና አየር እየሞሉ ሳለ ነው።

እንግዲህ አስቡት፦ ያ ማሽን የሚፈልገው ከቧንቧው የሚመጣውን ያችን ጥቃቅን ንዝረት ብቻ ነው። ጡንቻችሁን ብታኮማትሩ፣ ብትስሉ ወይም ስልክ ለማንሳት ብትዘረጉ ሌላ ንዝረት ይገባበታል። ማውራት ደግሞ ራሱን ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ «ስንት ሆነ?» የሚለው ጥያቄ ማሰሪያው ተንፍሶ እስኪያበቃ ይቆይ። የልብ ምታቸው ሥርዓት የሌለው ሰዎችም ንዝረታቸው ስለሚዘበራረቅ ማሽኑ ሊሳሳትባቸው ይችላል፤ የትኛው አለካክ እንደሚሻላቸው ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

አሁን ወደ አቀማመጥ እንምጣ። ክንዳችሁ በልብ ትክክል መሆን አለበት ሲባል ምክንያቱ የደሙ ክብደት ነው። ክንድ ከልብ በታች 10 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ፣ በመሀል ያለው የደም ዓምድ ብቻውን ንባቡን በ8 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ጤነኛ ሰው እጁን ጭኑ ላይ ጥሎ ስለለካ ብቻ ግፊት ያለበት ሊመስል ይችላል ማለት ነው። በርጩማ ላይ ወይም አልጋ ጫፍ ላይ መቀመጥም አይመችም፤ ጀርባ ድጋፍ ሲያጣ ሰውነት ይወጠራል። መደገፊያ ያለው ወንበር፣ ክንድ የሚያርፍበት ጠረጴዛ፣ መሬት የረገጡ ያልተቆላለፉ እግሮች፤ ይኸው ነው። ማሰሪያው የሚታሰረው በባዶ ክንድ ላይ ነው፤ የተጠቀለለ እጅጌም ክንዱን አንቆ መያዝ የለበትም። የታችኛው ጠርዙ ከክርን መታጠፊያ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይበል።

ከመለካታችሁ በፊት 5 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ ሽንት ከመጣ አስቀድማችሁ ውጡ። በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ቡና፣ ሲጋራም ሆነ ከባድ እንቅስቃሴ አይኑር። እኛ ቤት የጠዋት ቡና ስለማይቀር መለኪያውን ከቡናው ማስቀደም ነው የሚሻለው፤ አቦሉ ከተጠጣ በኋላ የሚገኘው ቁጥር የቡናውም ቁጥር ነው። ጫትም ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ስለሚያደርግ፣ ተቅሞ ሳለ የተለካውን እንደ ወትሮው ግፊት አትውሰዱት።

ብዙ ሰው የማያስበው ነገር የማሰሪያው ልክ ነው። በሜትር በትከሻና በክርን መሀል ያለውን የክንድ ዙሪያ ለኩት። የተለመደው መካከለኛ ማሰሪያ ብዙውን ጊዜ ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ላለው ክንድ የተሠራ ነው፤ ልኩ ራሱ ማሰሪያው ላይ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በጣም ትልቅ ማሰሪያ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በመካከለኛው ሲለኩ የላይኛው ግፊታቸው በአማካይ ወደ 20 ነጥብ ተጋኖ ይታይ ነበር። ትንሽ ማሰሪያ የሚያስፈልጋቸው ቀጭን ክንድ ያላቸው ሰዎች ደግሞ በመካከለኛው ሲለኩ ቁጥሩ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ይህን በተለይ ከውጭ አገር ለወላጆቻችሁ ማሽን የምትልኩ ልብ በሉልኝ። ወላጆቻችሁን በስልክ የክንዳቸውን ልክ ሳትጠይቁ አትግዙ። ከአሜሪካ የሚመጣ ከሆነ ቻርጀሩ 220 ቮልት መቻሉንም እዩ፤ ካልቻለ በባትሪ ይጠቀሙ።

ሁሉም ነገር በደንብ ተሟልቶም እንኳ አንድ ንባብ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ግፊት ከምት ምት ይለያያል፤ እንቅልፍ ላይ ይወርዳል፣ ጠዋት ስንነሳ ይወጣል፣ ስንደነግጥ ይዘላል። እ.ኤ.አ. በ1983 የጣሊያን ተመራማሪዎች ግፊታቸው በቀጥታ ከደም ቧንቧቸው ሳይቋረጥ የሚመዘገብ ሕሙማንን ተከታተሉ። ሐኪም መጥቶ ሲለካቸው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የላይኛው ግፊት በአማካይ 27 ነጥብ ገደማ ከፍ አለ፤ ከዚያ እየወረደ ሄደ። ክሊኒክ ሲገቡ ብቻ ግፊታቸው የሚጨምር ሰዎች አሉ። በተቃራኒው ክሊኒክ ውስጥ ደህና መስለው ቤታቸው ሲገቡ ከፍ የሚልባቸውም አሉ፤ እነዚህን የሚያጋልጣቸው ከክሊኒክ ውጭ መለካት ነው።

ስለዚህ ሳምንት ስጡት። ለ7 ቀን፣ ጠዋት ከመድኃኒትና ከቁርስ በፊት፣ ማታ ከመኝታ በፊት፣ በየጊዜው የ1 ደቂቃ ዕረፍት እያደረጋችሁ ሁለት ሁለት ጊዜ ለኩ። ጠቅላላው 28 ንባብ ይሆናል። የመጀመሪያውን ቀን አራት ንባቦች ተዉት፤ ገና ማሽኑን እየለመዳችሁ ስለሆነ ቁጥሩ ከፍ ይላል። የቀሩትን 24 ደምራችሁ ለ24 አካፍሉ፤ የላይኛውን ለብቻ፣ የታችኛውን ለብቻ። ከመጀመር በፊት አንድ ጊዜ ሁለቱንም ክንዶች ለኩና ከዚያ በኋላ ከፍ ያለ ቁጥር በሰጠው ክንድ ቀጥሉ። ማሽኑ 7:00 ሲል ለእኛ ጠዋት 1 ሰዓት ነውና፣ ደብተሩ ላይ «ጠዋት» ወይም «ማታ» ብላችሁ ጻፉ።

የአውሮፓ መመሪያዎች የቤት አማካይ 135 በ85 ከደረሰ ወይም ካለፈ ከፍተኛ ግፊት ይሉታል፤ ክሊኒክ ውስጥ ለሚለካው 140 በ90 አቻ ነው። የአሜሪካው የ2017 መመሪያ ደግሞ መስመሩን 130 በ80 ላይ አድርጎታል። የትኛው መስመር ለእናንተ እንደሚሠራ የሚወስነው ዕድሜያችሁን፣ ስኳርና ኩላሊታችሁን የሚያውቀው ሐኪማችሁ ነው።

እባካችሁ፣ ራሳችሁን ሲያማችሁ ብቻ አትለኩ። ከፍተኛ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ስሜት የለውም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች ግማሽ የሚጠጉት እንዳለባቸው አያውቁም። ቁጥሩ ለአንድ ሳምንት ደህና ስለሆነ መድኃኒት ማቆም፣ አንድ ቀን ስለወጣ ደግሞ ሁለት ፍሬ መዋጥ አደገኛ ነው። ቁጥሩ ደህና የሆነው መድኃኒቱን ስለምትወስዱ ነው። ቁጥሩ ከ180 በ120 ካለፈ ጥቂት ደቂቃ ዐርፋችሁ ድገሙት። ከዚያ ጋር የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የንግግር መጎተት ወይም የዓይን መጋረድ ካለ ሳትጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ምልክት ባይኖርም ቁጥሩ አልወርድ ካለ በዚያው ቀን ሐኪም አማክሩ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ግን 140 በ90 ራሱ ቶሎ የሚነገር ቁጥር ነው፤ ማሽኑም ለነፍሰ ጡር ተፈትኖ የጸደቀ ይሁን።

መለኪያ ስትገዙ ከእጅ አንጓው ይልቅ የክንዱን ምረጡ፤ የእጅ አንጓው በአቀማመጥ ስሕተት በቀላሉ ይታለላል። ሞዴሉ በገለልተኛ አካል ተፈትኖ ማለፉን ስትራይድ ቢፒ በሚባለው ዓለም አቀፍ ዝርዝር ላይ ማየት ትችላላችሁ። ለክትትል ስትሄዱም ማሽኑንና ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከክሊኒኩ መለኪያ ጋር አስተያዩት።

ለወላጆቻችን ስንደውልም ጥያቄያችንን እንቀይር። «ዛሬ ግፊትሽ ስንት ሆነ እማዬ?» ስንላት በአንድ ቁጥር እሷንም ራሳችንንም እናስጨንቃለን፤ ጭንቀቱም ለነገው ንባብ አይበጅም። «የሳምንቱ ስንት መጣ?» እንበላት። ያኔ ስለ ትክክለኛው ግፊቷ እናወራለን፤ ሐኪሟም የሚወስንበት ነገር ያገኛል።