የፈረስ ክብር ከግላሱ በታችም ይታይ
ከግብርና ኤክስቴንሽን ዘጋቢያችን

በጥምቀት ሰሞን በአምቦ ከተማ ከዋናው መንገድ ዳር የቆመ ሰው ሁለት ዓይነት ፈረስ ያያል። አንደኛው ጋማው ተበጥሮ፣ ግላስ ለብሶ፣ በቀለማት ክር ያጌጠ ልጓም ገብቶለት ታቦት ለማጀብ የመጣ ነው። ሁለተኛው ሰውና እህል ጭኖ ጋሪ የሚጎትት ሲሆን፣ ማሰሪያው ደረቱን ልጦት፣ በትከሻው ላይ ዝንብ ሰፍሮበት ይታያል። አንዳንድ ጊዜም ሁለቱ ፈረሶች አንድ ናቸው። ትናንት ጋሪ የጎተተው ዛሬ አጊጦ ወጥቷል፤ ነገም ወደ ጋሪው ይመለሳል። ግላሱ ሲነሣ ቁስሉ ከሥሩ ይገኛል።

በምዕራብ ሸዋ ከሆለታ እስከ ጊንጪ፣ ከአምቦ እስከ ጉደር ባሉት ከተሞችና በዙሪያቸው ባለው ገጠር ፈረስ ከቤት እንስሳት ሁሉ የተለየ ክብር እንዳለው የታወቀ ነው። ይህ ክብር ከየት እንደመጣና ለፈረሱ ምን እንደጠቀመው፣ ወደፊትም ምን ሊጠቅመው እንደሚችል የገበሬ ማኅበር መሪዎች ቢወያዩበት ለአካባቢያቸው ልማት ጠቃሚ ይሆናል።

የፈረስ ስም የጌታው ስም

በሀገራችን ታላላቅ ሰዎች ከራሳቸው ስም ይልቅ በፈረሳቸው ስም መጠራታቸው የቆየ ልማድ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር ቃኘው ሻለቃ የተባለውም አባ ቃኘው ይባሉ በነበሩት በራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። ከፈረሱ ዕድሜ ይልቅ የስሙ ዕድሜ ይረዝማል ማለት ነው።

በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድም ልማዱ ሥር የሰደደ ነው። የጅማው አባ ጅፋርና የሊሙው አባ ባጊቦ በታሪክ የሚታወቁት በፈረስ ስማቸው ነው። ወደዚህ አካባቢ ስንመለስ፣ በዐድዋ ዘመቻ ከተሰለፉት መሪዎች አንዱ የነበሩትና በኋላ የጦር ሚኒስትር የሆኑት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ አባ መላ ይባሉ ነበር። በጠላት ወረራ ዘመን በወሊሶና በአካባቢው ጠላትን መውጫ መግቢያ ያሳጡት አርበኛ ገረሱ ዱኪም አባ ቦራ ነበሩ። ቦራ በግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ፈረስ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ጀግንነቱን፣ ብልሃቱንና ክብሩን የሚያውጅበት ስም ከፈረሱ ይወሰድ እንደነበር ከዚህ መገንዘብ ይቻላል።

ቤተ ክርስቲያን የገባ ምእመንም ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን በጦር ሲወጋ ሥሎት ያያል። የዐድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በወሩ የጊዮርጊስ ዕለት በመሆኑ፣ ፈረስ፣ ጊዮርጊስና ድል በሕዝቡ ልብ ውስጥ አንድ ላይ ተያይዘው ይኖራሉ።

መንፈሱ ጋላቢ፣ ሰው ፈረስ

የፈረስ ትርጉም ግን በጦርነትና በበዓል ብቻ የሚወሰን አይደለም። በዛር ልማድ ዛሩ የሚወርድበት ሰው የዛሩ ‹‹ፈረስ›› ይባላል። ዛሩ ጋላቢ፣ ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ተጋላቢ ናቸው ማለት ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ተቀምጦ ይህንኑ ልማድ በሰፊው አጥንቷል። አነጋገሩም የእኛ ብቻ አይደለም። በናይጄሪያና በኒጀር በሐውሳዎች የቦሪ ሥርዓት፣ ከውቅያኖስ ማዶ ደግሞ በሄይቲ የቮዱ ሥርዓት መንፈስ የሚያድርበት ሰው ፈረስ እየተባለ ይጠራል። እርስ በርስ ተያይተው የማያውቁ ሕዝቦች አንድ ምሳሌ መምረጣቸው፣ ፈረስ ከራሱ የበለጠ ነገር የሚሸከም ፍጡር ሆኖ ስለታያቸው ይመስላል።

በሜጫ ኦሮሞ ዘንድም አያና የሚያድርበት ቃሉ የሚባል የሃይማኖት አባት አለ። በዚህ ሥርዓት ላይ ስዊድናዊው ተመራማሪ ካርል ኤሪክ ክኑትሶን በሜጫ ምድር ያደረገውን ጥናት በ1967 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። እዚህ ላይ ዓላማችን እምነቱን መንቀፍ ወይም ማወደስ አይደለም። ነገር ግን ምሳሌው የያዘው አንድ ቁም ነገር አለ። ዛሩ ሲለቀው ‹‹ፈረሱ›› ዝሎ ይወድቃል፤ በዙሪያው ያሉትም ያነሡታል፣ ውኃ ያቀምሱታል፣ ያሳርፉታል። መንፈስ አይደክመውም፤ የሚደክመው ተሸካሚው መሆኑን ሁሉም ያውቃል። በአራት እግሩ የሚሄደው እውነተኛው ፈረስ ግን ከጋሪው ሲፈታ እንዲህ ያለ አሳቢ ብዙ ጊዜ አያገኝም።

‹‹ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም›› የሚለው የአበው ምሳሌም ከዚሁ ጋር ይስማማል። ፈረስ አድራሽ ነው። አድራሹ ከወደቀ ጋላቢው በመንገድ ይቀራል።

ክታብና ትኩስ ብረት ያላዳኑት

የክብሩ ሌላ ገጽታ ጉዳት ያመጣል። ፈረስ የመንፈስና የክብር እንስሳ ነው ከተባለ ሕመሙም የመንፈስ ነው ተብሎ ይታሰባል። መልከ መልካም ፈረስ በድንገት ሲታመም ‹‹ዓይን ወጋው›› ይባልና አንገቱ ላይ ክታብ ይታሰርለታል። እባጭ ሲወጣበት ደግሞ በጋለ ብረት ይተኮሳል። በዚህ መካከል ሕክምና የሚያገኝበት ጊዜ ያልፋል፤ በሽታውም ወደ ጎረቤት ፈረስ ይሻገራል።

በተለይ ሁለት በሽታዎችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ነው። በሽታው በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን፣ ከፈረስ ወደ ፈረስ የሚያስተላልፉት ከምሽት እስከ ንጋት የሚናከሱ በጣም ጥቃቅን በራሪ ነፍሳት ናቸው። ስለዚህም ከክረምቱ ዝናብ ጋር ተያይዞና ክረምቱ ሲወጣ ይበረታል። ፈረሱ ያተኩሰዋል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ከአፍንጫው አረፋ ይወጣል፤ ወይም ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ሥፍራ ያብጣል። ጠዋት ደህና የነበረ ፈረስ በአጭር ጊዜ ውስጥ ስለሚሞት ነው ‹‹ዓይን›› የሚባለው። ከያዘው በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ አስቀድሞ የሚከላከል ክትባት ግን አለ። ክትባቱም እዚሁ ሀገራችን ውስጥ በቢሾፍቱ ይመረታል።

ሁለተኛው በተለይ የጋሪ ፈረሶችን የሚያጠቃው በፈንገስ የሚመጣ የቆዳ በሽታ ነው። በእግር፣ በደረትና በአንገት ላይ እንደ ዶቃ ተደርድረው የሚወጡ እባጮች ገመድ መስለው ይያያዛሉ፤ ከዚያም እየፈነዱ መግል ያወጣሉ። ፈንገሱ የሚገባው በቁስል በኩል ነው። ማሰሪያ የላጠው ደረት፣ ኮርቻ የፈገፈገው ጀርባ፣ አለንጋ የሰነጠቀው ቆዳ ሁሉ በር ይከፍቱለታል። ዝንብ፣ የጋራ ማሰሪያና የጋራ ኮርቻም ከታመመው ወደ ጤነኛው ያደርሱታል። በጊዜ ከተያዘ በሐኪም ርዳታ ሊታከም ይችላል፤ ከተሠራጨ በኋላ ግን ማዳን እጅግ አስቸጋሪ ነው። በየከተማው መንገድ ዳር ተጥለው የሚታዩት፣ እግራቸው ያበጠ ፈረሶች ብዙዎቹ የዚህ በሽታ ሰለባዎች ናቸው። ጋሪ እስከጎተተ ድረስ ስም ነበረው፤ መጎተት ሲያቅተው ግን ባለቤት የለሽ ሆነ።

ጉዳዩ የርኅራኄ ብቻ ሳይሆን የኑሮም ነው። ኢትዮጵያ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ፈረሶች ያሏት ሀገር ናት። በጀልዱ ደጋ ድንችና ገብስ ወደ ገበያ የሚወርደው ብዙ ጊዜ በፈረስ ጀርባ ነው። ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው የወንጪ ሐይቅ በ2021 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ሆኖ ሲመረጥ፣ እንግዶችን በገደሉ መንገድ ከሚያወርዱትና ከሚያወጡት መካከል የአካባቢው ገበሬዎች ፈረሶች ይገኙበታል። በከተሞቹ ባጃጅ ቢበዛም ጋሪ የሚያሳድራቸው ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። ፈረሱ በሞተ ማግሥት በነዚህ ቤቶች ገቢ ይቋረጣል።

ማኅበሩ ምን ማድረግ ይችላል?

የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ከወጣ ወዲህ ገበሬው በማኅበር ተሰብስቦ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ውኃና ስለ መንገድ ደንብ ማውጣትን ለምዷል። ዛሬ አስተዳደሩ ቀበሌ ቢባልም ገበሬው አሁንም ገበሬ ማኅበር ሲል ይሰማል። ፈረስን በሚመለከት ግን በውስጠ ደንቡ አንድም አንቀጽ ያልጻፈ ማኅበር ብዙ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ነጥቦች በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ማቅረብ ይቻላል፦

1ኛ፦ የቆሰለ ፈረስ ቁስሉ እስኪጠግግ ድረስ እንዳይጫን፣ ጋሪም እንዳይጎትት ይወሰን። ቁስሉ ፈልቶ በበረደ ውኃ በጥቂት ጨው ይታጠብ፤ ዝንብም እንዳያርፍበት ይጠበቅ።

2ኛ፦ ደረትና ጀርባ የሚነካው ማሰሪያ ሁሉ ለስላሳና ንጹሕ ጨርቅ ይደረግበት። ሽቦና የናይለን ገመድ ቆዳ ይቆርጣሉ። ማሰሪያና ኮርቻ መዋዋስ ደግሞ ፈጽሞ ይቅር፤ ለጎረቤት ደግ ያደረጉ መስሎ በሽታን ማዋስ ነውና።

3ኛ፦ የፈረስ ጨጓራ እንደ በሬ ሰፊ አይደለም፤ አመንዣኪም አይደለም። በመሆኑም ጥቂት በጥቂቱ፣ ቶሎ ቶሎ መብላት አለበት። ሌሊቱን ባዶውን አድሮ ጠዋት ብዙ እህል የተሰጠው ፈረስ ሆድ ቁርጠት ይይዘዋል። የሚሠራ ፈረስ በቀን ከ20 ሊትር በላይ ውኃ ስለሚፈልግ በጋሪ ማቆሚያው አጠገብ ገንዳ ይዘጋጅ። በጀርባው የሚሸከመው ጭነትም ከራሱ ክብደት ከአንድ አምስተኛ ባይበልጥ ይመረጣል።

4ኛ፦ ማኅበሩ የአባላቱን ፈረሶች ቆጥሮ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያስታውቅ፤ ክትባት በሽታው ከሚበረታበት ወቅት በፊት እንዲመጣም አስቀድሞ ይጠይቅ። ባለሙያው ስንት ፈረስ እንዳለ ካላወቀ ስንት ክትባት እንደሚያዝ አያውቅም። በበሽታው ወቅት ፈረሱ ከምሽት እስከ ንጋት በቤት ውስጥ ይደር።

5ኛ፦ የማይድን ፈረስን ሜዳ ላይ መጣል በደንብ ይከልከል፤ ባለቤቱም ባለሙያ ጠርቶ ከሥቃይ እንዲገላግለው ይደረግ።

ይህንን ሥራ ከልማዱ ጋር በመጣላት ማከናወን አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ክታብ ያሰረውን ገበሬ ማሾፊያ ማድረግ በሚቀጥለው ጊዜ የታመመ ፈረሱን እንዲደብቅ ያደርገዋል እንጂ ወደ ክሊኒክ አያመጣውም። ክታቡን ያሰረ ይሰር፤ ነገር ግን በዚያው ቀን ሐኪም ይጥራ። የሀገር ሽማግሌዎች፣ ካህናትና የቃሉ አባቶች አንድ ቃል ቢናገሩ ከብዙ ሥልጠና ይልቅ ይሰማል። የቆሰለ ፈረስ ይዞ ታቦት ማጀብ ነውር ነው ቢባል፣ በማግሥቱ በየጋጣው ቁስል የሚያጥብ ሰው ይገኛል።

ክብርን በማኅበር መጠበቅ እንደሚቻል የአገው ፈረሰኞች ምሳሌ ናቸው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የዐድዋን ፈረሶችና ፈረሰኞች መታሰቢያ በማድረግ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። አባት ለልጁ ፈረሱንም አባልነቱንም ያወርሳል። የምዕራብ ሸዋ ገበሬም ፈረስ ወዳድነቱ ከማንም አያንስም። የጎደለው ፍቅሩን በደንብ መጻፍ ነው።

አባ መላና አባ ቦራ የተባሉት ሰዎች ስማቸውን ከፈረስ ሲወስዱ ዕዳም አብረው ወስደዋል፤ ስም የሰጠን ፍጡር ቁስል ዝንብ ሊበላው አይገባም። በሚመጣው በዓል ግላሱ ከመልበሱ በፊት የማኅበሩ ሊቀ መንበር ወደ ጋጣው ጎራ ብሎ የፈረሱን ጀርባ በእጁ ይዳስስ። ሜዳውም ይኸው፣ ፈረሱም ይኸው።